አረሙ እጅ እስኪሞላ

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ተነሥቼ ግቢውን ጠረግሁ። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ከጣራው ሥር ያቆረውን ውኃ በባልዲ እየቀዳሁ ወደ ቦዩ ደፋሁ። ሻይ አፍልቼ ከትናንት በቀረ ዳቦ ቁርስ አደረግሁ። ከዚያም ለቅሜ ያዘጋጀሁትን ሃያ ኪሎ በቆሎ በባጃጅ ጭኜ ወፍጮ ቤት ሄድሁ። ቡሬ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ግን የሰብል ሳይንስ ነው።

ወረፋው ረጅም ነበር። በወፍጮ ቤቱ ጣራ ሥር፣ ካፊያውን ተጠልለው ወደ ሽንዲ የሚሄድ መኪና ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል አንድ ሽማግሌ በዩሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ፊት ለፊታቸው የቆመውን ወጣት ይቆጣሉ።

«መልሰው ብየሃለሁ! ከገዛህበት ሱቅ ወስደህ መልሰው!»

ድምፃቸውን ዐወቅሁት። ከሽንዲ ዝቅ ብሎ ካለው ሜዳ የሚኖሩት አቶ ንብረት ናቸው። ወጣቱ ልጃቸው ስመኘው ነው፤ ፍኖተ ሰላም ተምሮ በግብርና ዲፕሎማ ይዞ የተመለሰ። በእጁ በፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዟል።

«ምሕረት! አንቺ ነሽ?» አሉ አቶ ንብረት ሲያዩኝ። «እሰይ! ነይ እስቲ፤ የክንዱ ሚስት ትፍረደን።»

ክንዱ ባሌ ነበር። በእርሳቸው ቀበሌ ስድስት ዓመት የግብርና ባለሙያ ሆኖ ሠርቷል። ሌላ ሰብል ውኃው አላስበቅል ላለው ለዚያ ረግረግ ሜዳ የሩዝ ዘር ያመጣላቸው እሱ ነው። ከሞተ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖታል። አቶ ንብረት «ነፍሱን» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ቀደም ብዬ «በምን ነገር ነው የምፈርደው አያ ንብረት?» አልኋቸው።

ጠርሙሱን በዱላቸው አመለከቱ። «ይኸ ልጅ የአረም መድኃኒት ገዛሁ ይለኛል። ኮሌጅ ገብቶ የተማረው ከማጎንበስ ማምለጥን ነው።»

«እትየ፣ አንቺው ስሚኝ» አለ ስመኘው። «ሩዙ ከተዘራ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው። አረሙ አብሮት ወጥቷል፤ ገና ሁለት ሦስት ቅጠል ነው ያለው። መድኃኒቱ የሚሠራው አሁን ነው። አሁን ካልተረጨ ቀኑ ያልፍበታል።»

«ምኑን ነው የምትረጨው? በዓይን የማይታይ አረም! አረም እጅ ሳይሞላ አይነካም። እጅ ሲሞላ ደቦ ይጠራል፣ ይታረማል፤ ላሟም ትበላዋለች። አባቴም እንዲሁ ነው ያረመው።»

«አያትየ ሩዝ ዘርቶ ያውቃል እንዴ አባየ?»

ከተጠለሉት ሰዎች አንዱ ሳቀ። አቶ ንብረት ዞር ብለው አዩትና ሳቁን ዋጠው።

አንባቢ እንዲረዳልኝ ይህን ልናገር። በዚያ አገር አረም በጭብጥ ተይዞ የሚነቀልበት ቁመት እስኪደርስ ይተዋል። የተነቀለው ለላም ስለሚሰጥ ቀድሞ መንካት መኖን እንደ መጣል ይቆጠራል። ልማዱ ስንፍና አይደለም፤ የራሱ ስሌት አለው። ስሌቱ የማይሠራው በተበተነ ሩዝ ላይ ነው።

«አያ ንብረት፣ ከተቆጡኝም ይቆጡኝ» አልሁ። «ሩዝ በችግኝ በሚተከልበት አገር ችግኙ ወር ቀድሞ ያድጋል። ማሳው ላይም ውኃ ያቆሙበታል፤ አረሙ በውኃ ታፍኖ ይቀራል። የእናንተ ግን እንደ ጤፍ የተበተነ ነው። ሩዙና አረሙ በአንድ ቀን ነው የሚበቅሉት፣ አረሙ ደግሞ ይፈጥናል። ሣር መሰሉን አረም ከሩዙ ለይቶ የሚያይ ዓይን እንኳ የለም። ማዳበሪያውን የሚበላው፣ ብርሃኑን የሚወስደው በዚህ አንድ ወር ነው። እጅ ሲሞላ ስትነቅሉት ምርታችሁን በልቶ ጨርሷል።»

«እንግዳው እራቱን ከበላ በኋላ ከቤት እንደ ማስወጣት ነዋ!» አለ ቅድም የሳቀው ሰውየ። አሁን አቶ ንብረትም ፈገግ አሉ።

«እሺ፣ ይኸን ተቀበልሁ እንበል። ንቦቼስ?»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ሩዙን ባልሽ አመጣልን፣ ተመስገን፣ በላንበት። ንቡ ግን የአባቴ ነው። አሥራ አንድ ቀፎ። እኔ ክርስትና ሳልነሣ ጀምሮ ከዚያ ደጅ ንብ ጠፍቶ አያውቅም። ሩዙ ቢቀር በቆሎ እበላለሁ። ንቡ ቢቀር ምን እሆናለሁ? መርዝ መርዝ ነው። ለሣሩ ብለህ ስትረጨው ‹ንብ ነኝ፣ እለፈኝ› ብትለው ይሰማል?»

«አይሰማም» አልሁ። «ለዚህ ነው አሁን ይረጭ የምለው። ንብ የሚሄደው ወደ አበባ ነው። አሁን ማሳችሁ ውስጥ አንድም አበባ የለም፤ ንቡ እዚያ ምንም ጉዳይ የለውም። ወደ ማታ፣ ንቡ ሲገባ፣ ነፋሱ ሲያርፍ ከተረጨ ደግሞ የበለጠ ይጠበቃል። እጅ እስኪሞላ ከጠበቃችሁ ግን ከአረሙ መካከል ማገጡም መጩም ያብባል። ያኔ መድኃኒቱንና ንቡን አንድ ቦታ ታገናኛላችሁ።»

«ያኔማ አልረጭም። ያኔ ደቦ ነው። ለነሐሴ አሥራ ስምንት ጠርቻለሁ፤ ፍልሰታ ተፈትቶ ሰው ጠገብ ሲል።»

«ደቦው ባይመጣስ አባየ?»

«በስንት ዘመኔ ደቦ ቀርቶብኝ ያውቃል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እስቲ አስበዋለሁ፤ እንየው» አሉ። «እንየው» ሲሉ እንደማያዩት ዐውቅ ነበር። ልጨምር አፌን ስከፍት የወፍጮ ቤቱ ሰው ተራሽ ደርሷል ብሎ ጠራኝ። ገባሁ። ስወጣ መኪናቸው ሄዶ ነበር። ቤቴ ገብቼ ዱቄቴን ነፋሁ።

መስከረም ከገባ በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለልኝ። የአቶ ንብረት ባለቤት እትየ አልጣሽ ናቸው። ስልክ ደውለውልኝ አያውቁም።

«ምሕረት፣ ንቦቹ» አሉ። ከዚያ ሲያለቅሱ ሰማሁ።

ሽንዲ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ አርባ ደቂቃ በእግር ሄድሁ። መንገዱ ግራና ቀኙ በመጭ አበባ ቢጫ ሆኗል። ሌላ ጊዜ እነዚህ አበቦች አጠገብ ሰው ሲያልፍ የንቡ ድምፅ ጆሮ ይሞላ ነበር። ይህን ያሰብሁት በኋላ ነው፤ ስሄድ አላስተዋልሁም።

ግቢያቸው ስደርስ ከቀፎዎቹ ሥር ኑግ የተሰጣ መሰለኝ። ጥቁር ሆኖ፣ ስስ ሆኖ፣ ከመደቡ እስከ አጥሩ ድረስ ተዘርግቷል። «ኑግ በመስከረም ከየት መጣ?» ብዬ ጎንበስ አልሁ። ንብ ነበር። አብዛኛው ሞቷል። ያልሞተው በጀርባው ተኝቶ ይሽከረከራል፤ ምላሱ ወጥቷል። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድሁና ከጫማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ እግሬን የት እንደማሳርፍ አላወቅሁም፤ እንደ ቆምሁ ቀረሁ።

እትየ አልጣሽ የሞተውን በመጥረጊያ እየሰበሰቡ በሰፌድ ያነሣሉ። ሰፌዱ ሞልቷል። አቶ ንብረት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀፎዎቹን ያያሉ። ስመኘው ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፤ ወደ ግቢው ለመግባት የደፈረ አይመስልም።

«እንዴት አደራችሁ» ማለት አልቻልሁም። «ምን ሆነ?» አልሁ።

መልስ የሰጠኝ ከአጥሩ ውጭ ያለው ነው። «እኔ ነኝ እትየ። እኔ ነኝ የጨረስኋቸው።»

«ግባና ተናገር» አሉ አባቱ ሳይዞሩ። «ከውጭ ሆኖ የሚጮህ እንግዳ ነው።»

ገብቶ ነገረኝ። ነሐሴ አሥራ ስምንት ቀን የጎረቤታቸው የወንዳወቅ እናት ዐረፉ። ደቦ የተጠራው ሰው ሁሉ ለቀብር ሄደ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ዘነበ፤ ከዚያ ዘመን መለወጫ ሆነ። አረሙ ሩዙን በቁመት በለጠው። አቶ ንብረት ማሳውን ዞረው አይተው ተመለሱና ልጃቸውን «ያሰብኸውን አድርግ» አሉት።

«ጠርሙሱን አልመለስሁትም ነበር፤ መርጫ ግን አልነበረኝም» አለ ስመኘው። «የወንዳወቅን ተዋስሁ። እሱ በቆሎው ላይ የተምች መድኃኒት ሲረጭ ሰንብቷል። ታንኩ ውስጥ የተምቹ መድኃኒት ከአንድ ጣሳ የሚበልጥ ተርፎ ነበር። ‹እንዳይባክን ላዩ ላይ ቀላቅለው፣ ያጠነክርልሃል› አለኝ። ቀላቀልሁት። አረሙ ስላደገም አንድ ሲኒ የተባለውን ሁለት አደረግሁት። ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሞቅ ሲል ጀመርሁ።»

«አበባው ላይ?»

«ማገጡ ማሳው ውስጥ አብቦ ነበር። መጩም በወሰኑ ላይ። ንቦቹ ይታዩኝ ነበር እትየ። ይበራሉ፣ ይሸሻሉ ብየ ነው።»

ለእኔ የታየኝ ይህ ነው፦ በሐምሌ ልክ የነበረው ሐሳብ በመስከረም ሲፈጸም እያንዳንዱ ነገር ተገልብጧል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መጠኑ፣ ታንኩ። የአረም መድኃኒት ብቻውን እንዲህ በአንድ ቀን አይፈጅም ነበር። የተምቹ መድኃኒት ግን ነፍሳትን ለመግደል የተሠራ ነው፤ ንብም ነፍሳት ናት።

አቶ ንብረት ተነሡ። «እንግዲህ ስሙ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደጅ መድኃኒት የሚባል ነገር እንዳይነሣ። አለቀ።»

«አልነካም አባየ። ወንጌል ልምታ፤ ሁለተኛ አልነካም» አለ ስመኘው። እንባው ይወርዳል።

እትየ አልጣሽ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። «እኔስ?» አሉ።

«አንቺ ምን?»

«እኔስ ምን ልሁን? እናንተማ ተማማላችሁ፣ ጨረሳችሁ። ያንን ማሳ ማነው የሚያርመው? ደቦው መጣም አልመጣ ከደቦው በፊትም ከደቦው በኋላም እዚያ ጭቃ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ውኃው እስከ ባቴ ነው። አልቅቱ እግሬን ሲመጠኝ ማታ ቤት ገብቼ ነው የማየው። ሣሩ ሩዝ ይመስላል፤ ሩዙን ነቅየ ሣሩን እተዋለሁ፤ ተመልሰህ ትቆጣኛለህ። ይኸው ጣቶቼ!» ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቹ አይታጠፉም። «ለንቦቹ እኔም ዛሬ ጠዋት አልቅሻለሁ። ግን ለኔ ማን ያልቅስ?»

አቶ ንብረት እጆቹን አዩ። ሚስታቸውን አርባ ዓመት ያወቋቸው ሰው፣ እነዚያን ጣቶች ገና ያን ቀን እንዳዩ ፊታቸው ይናገር ነበር።

«ምሕረት» አሉኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳታባብይኝ። ያን ቀን፣ ወፍጮ ቤቱ ደጅ እንዳልሽው፣ ሐምሌ ላይ ቢሆን ኖሮ ይሞቱብኝ ነበር?»

«በፍጹም አይሞቱም ብዬ መማል አልችልም አያ ንብረት። ግን አበባ አልነበረም። አረሙ ትንሽ ስለሆነ አንዱ ሲኒ ይበቃ ነበር። ታንኩ ታጥቦ፣ ወደ ማታ ቢረጭ ንቡ ላይ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ሩዙም ይተርፍላችሁ ነበር።»

«ስለዚህ የገደላቸው ልጁ አይደለም።»

«አባየ፣ እኔ ነኝ እንጂ...»

«ዝም በል። አንተ ታንክ አላጠብህም፤ እሱ ያንተ ነው። ሁለት ወር ያስጠበቅሁህ ግን እኔ ነኝ። ‹እጅ ይሙላ› አልሁ። ይኸው ሞላ።» ሰፌዱን በዱላቸው ነኩት።

«እኔም አለሁበት» አልሁ። «ተራዬ ሲደርስ ትቻችሁ ገባሁ። በማግሥቱ መምጣት እችል ነበር።»

እጃቸውን አወዛወዙ፤ ይቅር ማለታቸው ይሁን ተዪው ማለታቸው አላወቅሁም። ከዚያ በርጩማውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ተቀመጭ» አሉ። «እንግዲህ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ይኸ ነገር እንዴት ነው በትክክል የሚሠራው? ያን ቀን በጆሮዬ ብቻ ነበር የሰማሁሽ።»

እስከ ቀትር ድረስ ነገርኋቸው። ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቁኝ። ሰፊ ቅጠል ያለውን የሚገድለው ሣር መሰሉን ለምን ይተዋል? ሁሉን የሚያደርቀው መድኃኒት ከተዘራ በኋላ ቢነካው ሩዙ ይተርፋል? ዝናብ ቢመጣስ? መልስ ያልነበረኝ ሁለት ጥያቄ ነበር፤ ጽፌ ይዤ የክንዱን የሥራ ባልደረቦች ጠይቄ መልሱን ላክሁላቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ንብረት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሕዝቡን «አንድ ጊዜ ቁሙልኝ» አሉ። ወሬው ቀድሞ ስለ ተሰማ መድኃኒትን ሊያስረግሙ ነው ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። እኔም እዚያ ነበርሁ።

«የኔን ደጅ ያያችሁ አይታችኋል» አሉ። «የጨረሳቸው መድኃኒት ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነበር፤ እንጥለው ነበር። የጨረሳቸው መዘግየትና መቀላቀል ነው። ስለዚህ ለከርሞ እንዲህ እንሁን። ሩዝ የበተነ ሰው ቀኑን ይቁጠር፤ ከአሥራ አምስተኛው እስከ ሃያ አምስተኛው ቀን፣ አረሙ ሁለት ሦስት ቅጠል ሳለ ይርጭ። ካበበ በኋላ የሚረጭ ከኔ ጋር ይጣላል። ለአረም የሚሆን አንድ መርጫ በጋራ እንገዛለን፤ የተምች መድኃኒት የተረጨበት መርጫ ሩዝ ማሳ እንዳይገባ። መለኪያው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው፤ ‹ትንሽ ይጨመርበት› የለም። የሚረጭ ሰው በዋዜማው ንብ ላለው ይንገር፤ ባለ ንቡም ቀፎውን ይዝጋ። የሚረጨው ፊቱንና እጁን ይሸፍን። ከተረጨ ማሳ የተነቀለ አረም ለላም አይሰጥ፤ ለላም ከወሰን ይታጨድ።»

«አያ ንብረት፣ እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉት?» አለ ወንዳወቅ ከኋላ።

«እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ የተረፈ መድኃኒትህን አትመርቅ» አሉት። ሰው ሳቀ፤ ወንዳወቅ ግን አንገቱን ደፋ። በኋላ ለመርጫው መግዣ ከሁሉ ቀድሞ ያዋጣው እሱ ነው።

በተከታዩ ዓመት እንደ ተባለው ተደረገ። ስመኘው በሃያኛው ቀን፣ ወደ ማታ፣ በታጠበ መርጫ ረጨ። አባቱ አጠገቡ ቆመው ሲኒውን ራሳቸው ለኩ። ከወር በኋላ ያመለጠውን አረም እትየ አልጣሽ ከሦስት ሴቶች ጋር በአንድ ቀን ተኩል ነቅለው ወጡ፤ ቀድሞ አሥራ ሁለት ቀን የሚፈጅባቸው ነበር። ከሁለት ጥማድ መሬት ስምንት ኩንታል ይገኝ የነበረው አሥራ አምስት ሆነ። ነሐሴ ላይ እትየ አልጣሽ ቡሬ ድረስ መጥተው ጠየቁኝ። በሥራ ወራት ከቤት ወጥተው ሰው ሲጠይቁ ከተዳሩ ወዲህ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩኝ። በሜዳው ላይ ሌሎች አሥራ ስድስት አባወራዎችም እንዲሁ አደረጉ፤ ከእነርሱ መካከል ንብ ያላቸው አምስቱ በጥቅምት ማር ቆርጠዋል።

ጊዜውን ጠብቆ፣ መጠኑን ለክቶ፣ ለጎረቤት ነግሮ የሚሠራ ሰው ከዚህ ሥራ ይጠቀማል። ይህን ያየሁት በዓይኔ ስለሆነ ያለ ጥርጣሬ እጽፈዋለሁ።

ከአቶ ንብረት ቀፎዎች ዘጠኙ በዚያው ሳምንት አልቀው ነበር። የተረፉት ሁለቱ መንጋዎች ጥቅምት ሳይገባ ጥለው ሄዱ። አቶ ንብረት ቀፎዎቹን አጽድተው፣ በእበት ለቅልቀው፣ አጥነው ሁለት ጊዜ ዛፍ ላይ ሰቅለዋቸዋል። እስካሁን የገባ መንጋ የለም። በዚያ ደጅ ንብ የለም።